የፈንክሽን ኢንቨርስን በፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ ማስላት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከታች ባሉት መልሶች ዋናውን ፈንክሽን ፈ፣ ኢንቨርሱን (ከውጤቱ ተነስቶ ግብዓቱን የሚመልሰውን ፈንክሽን) ገ እንላቸዋለን። ግብዓቱ ሀ ነው፣ ውጤቱ ለ። አካሄዱ ሃስክል የሚባለውን የፈንክሽናል ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ይከተላል። በኦካምል፣ በኤፍ ሻርፕ ወይም በስካላ የሚጽፍ ሰውም ግር የሚለው ነገር አይኖርም።

የፈለግኩትን ፈንክሽን ስሰጠው ኢንቨርሱን የሚመልስልኝ ፈንክሽን መጻፍ እችላለሁ?

አይቻልም። ጥያቄው ግን ቢነሳ አይገርምም። በፈንክሽናል ቋንቋ ፈንክሽን እንደ ማንኛውም ቁጥር ይላካል፣ ይመለሳል፣ ሊስት ውስጥ ይገባል። ታዲያ «ገልብጥ» የሚባል ፈንክሽን እንዳይኖር ምን ከለከለ?

አንድ ፈንክሽን እጃችሁ ሲገባ ልታደርጉት የምትችሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግብዓት ሰጥቶ ውጤቱን ማየት። ሆዱን ከፍታችሁ «እዚህ ጋ በ5 ያባዛል፣ እዚያ ጋ 3 ይደምራል» ብላችሁ ማንበብ አትችሉም። ኮዱን ማንበብ ቢቻል እንኳ ችግሩ አይፈታም። ሄንሪ ራይስ እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተመው ቲዎረም አለ። ፕሮግራሞች ስለሚያሰሉት ነገር የሚነሳን ጥያቄ፣ መልሱ ለሁሉም ፕሮግራም አንድ ዓይነት እስካልሆነ ድረስ፣ በእያንዳንዱ ፕሮግራም ላይ የሚወስን አልጎሪዝም የለም ይላል። «ይህ ፈንክሽን ሁለት ግብዓቶችን ወደ አንድ ውጤት ይወስዳል ወይ?» የሚለውም ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱ ነው።

ስለዚህ ነገሩን የሚወስነው ስለ ፈ አስቀድማችሁ የምታውቁት ነው። ግብዓቱ ውስን ነው? ውጤቱ እያደገ ብቻ ይሄዳል? ከሚገለበጡ ቁርጥራጮች ነው የተገጣጠመው? ለእያንዳንዱ የራሱ መንገድ አለው። ምንም የማታውቁ ከሆነ የሚቀራችሁ ጭፍን ፍለጋ ብቻ ነው።

ለመሆኑ ፈንክሽን ኢንቨርስ አለው የሚባለው መቼ ነው?

ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው። አንደኛ፣ የተለያዩ ግብዓቶች አንድ ውጤት ላይ መጋጨት የለባቸውም። ሁለተኛ፣ በውጤቱ ታይፕ (የእሴት ዓይነት) ውስጥ ማንም ግብዓት የማይደርስበት እሴት መኖር የለበትም። በቀመር ሲጻፍ፦

ገ(ፈ(ሀ)) = ሀ
ፈ(ገ(ለ)) = ለ

ብዙ ሰው የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አይቶ ያልፋል። ቁጥርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ፈንክሽን እና ጽሑፍን አንብቦ ቁጥር የሚመልስ ፈንክሽን አስቡ። ቁጥሩ 7 «7» ተብሎ ይጻፋል፣ ሲነበብ ተመልሶ 7 ይሆናል። አሪፍ። አሁን ደግሞ ከጽሑፉ እንነሳ። «007» ሲነበብ 7 ነው፣ ተመልሶ ሲጻፍ ግን «7»። ሁለቱ ዜሮዎች የት ገቡ? አንዱ አቅጣጫ ሠራ፣ ሌላው አልሠራም። እንዲህ ያለ የግማሽ መንገድ ኢንቨርስ ለብዙ ሥራ ይበቃል። ጣጣው የሚመጣው ሙሉ ነው ብለን ስንተማመንበት ነው።

ግብዓቶቹ ውስን ከሆኑ ምን ላድርግ?

እንግዲህ ተገላገላችሁ። ሁሉንም ግብዓቶች በየተራ አስሉና ሠንጠረዥ ሥሩ። ከታች «ሁሉም» የግብዓቶቹ ሁሉ ሊስት ነው፣ «ካርታ» ደግሞ ውጤቱን ቁልፍ አድርጎ ግብዓቱን የሚይዝ ሠንጠረዥ፦

ገልብጥ ፈ = ለ ↦ ፈልግ ለ ሠንጠረዥ
ሠንጠረዥ = ካርታ [ (ፈ ሀ፣ ሀ) | ሀ ← ሁሉም ]

አንድ ባይት 256 እሴቶች ብቻ አሉት። ፈ(ሀ) = 5ሀ + 3 እንበል፣ ሁሉም ነገር በ256 ተካፍሎ ቀሪው ይወሰዳል። ሠንጠረዡ በቅጽበት ያልቃል፣ ለእያንዳንዱ ውጤትም አንድ ግብዓት ብቻ ይገኛል። በ5 ፋንታ 6 ብናደርገውስ? ሀ 0 ሲሆን ውጤቱ 3 ነው። ሀ 128 ሲሆን 771 ይመጣል፣ በ256 ሲካፈል ቀሪው አሁንም 3። ተጋጩ።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የሃስክል ካርታ ከሊስት ሲሠራ አንድ ቁልፍ ሁለት ጊዜ ቢመጣ የኋለኛውን ይይዛል፣ የፊተኛውን ድምፅ ሳያሰማ ይጥላል። ስህተት የሚባል ነገር ስክሪኑ ላይ አታዩም። ስለዚህ ሠንጠረዡን ከሠራችሁ በኋላ መጠኑን እዩ። ለባይት 256 ካልሆነ ፈንክሽኑ አይገለበጥም፣ አለቀ።

ሌላም የማይታይ ወጥመድ አለ። ኮዱን «ገልብጥ ፈ ለ = …» ብላችሁ ሁለቱንም ግብዓቶች በግራ በኩል ካስቀመጣችሁ፣ ሠንጠረዡ በእያንዳንዱ ጥሪ እንደ አዲስ ሊሠራ ይችላል። ከላይ እንደተጻፈው ፈ ብቻ በግራ ይሁን፣ ለ ደግሞ ከሠንጠረዡ በኋላ ይምጣ። ከዚያ «ገ = ገልብጥ ፈ» ብላችሁ ስም ስጡትና በዚያ ስም ተጠቀሙ። ያኔ ሠንጠረዡ አንዴ ተሠርቶ ይቀመጣል። ልዩነቱ የአንድ ፊደል ቦታ ነው፣ የሚያባክነው ጊዜ ግን ቀላል አይደለም።

ይህ መንገድ እስከ 16 ቢት ድረስ ምቹ ነው፤ 65,536 እሴቶች ምንም አይደሉም። 32 ቢት ላይ 4,294,967,296 ስለሚሆን ሚሞሪው ይጮኻል።

ግብዓቶቹ የማያልቁ ቢሆኑስ?

በየተራ መዘርዘር እስከተቻለ ድረስ መንገድ አለ። ከመጀመሪያው ጀምሮ እያንዳንዱን ሀ ሞክር፣ ፈ(ሀ) ከ ለ ጋር እኩል ሲሆን አቁም። ሌዚ ሊስት (አባላቱ ሲፈለጉ ብቻ የሚሰሉ ሊስት) ባለበት ቋንቋ ይህ አንድ መስመር ነው፦

ገ ለ = የመጀመሪያው [ ሀ | ሀ ← ሁሉም፣ ፈ ሀ == ለ ]

ሐሳቡ አሮጌ ነው። የሊስፕ ፈጣሪ ጆን ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ1956 በቱሪንግ ማሽን (የኮምፒውተር ሒሳባዊ ሞዴል ነው) የሚሰሉ ፈንክሽኖችን ስለመገልበጥ ጽፎ ነበር። ጭፍን ዝርዝር በመርህ ደረጃ እንደሚሠራ፣ በተግባር ግን እጅግ አዝጋሚ እንደሆነ ያን ጊዜውኑ አይቶታል።

አዘረዛዘሩ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሙሉ ቁጥሮችን 0፣ 1፣ 2፣ 3 ብላችሁ ከቀጠላችሁ ነጌቲቮቹ ጋ መቼም አትደርሱም። 0፣ 1፣ -1፣ 2፣ -2 እያላችሁ ሂዱ። ጥንዶች ከሆኑም (0፣0)፣ (0፣1)፣ (0፣2) እያሉ መቀጠል አንድ ረድፍ ላይ ተቸክሎ መቅረት ነው። በዲያጎናል መሄድ ያስፈልጋል፤ መጀመሪያ ድምራቸው 0 የሆኑ ጥንዶች፣ ቀጥሎ ድምራቸው 1 የሆኑ፣ እያለ።

ደግሞ ለ ከ ፈ ውጤቶች መካከል ከሌለ ፍለጋው አያልቅም። «የለም» የሚል መልስ አትጠብቁ፤ ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ይፈጋል።

ፍለጋውን ማፍጠን አይቻልም?

ፈ እያደገ ብቻ የሚሄድ ከሆነ በደንብ ይቻላል። እኔ በጣም የምወደው ዘዴም ይሄ ነው፤ ትንሽ እውቀት ብዙ ሥራ ሲያቀል የሚታይበት።

ፈ(ሀ) = ሀ³ + ሀ እንውሰድ፣ ግብዓቱ ከ0 ጀምሮ ያሉ ሙሉ ቁጥሮች ነው። ለ = 1,030,402 የሚሰጠውን ሀ እንፈልግ። መጀመሪያ የላይኛውን ወሰን አናውቅም፤ ስለዚህ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያልን በእጥፍ እናሳድጋለን። 64 ላይ ውጤቱ 262,208 ነው፣ ገና ነው። 128 ላይ 2,097,280፤ አለፍን። መልሱ በ64 እና በ128 መካከል ነው ማለት ነው። አሁን መሃል መሃሉን እንቁረጥ። 96 ያንሳል፣ 112 ይበዛል፣ 104 ይበዛል፣ 100 ያንሳል፣ 102 ይበዛል፣ 101 ልክ።

ወሰን ለመፈለግ 8 ጊዜ፣ ለመቁረጥ 6 ጊዜ፣ በጠቅላላው ፈን 14 ጊዜ ብቻ ጠራነው። ከ0 እየቆጠርን ብንሄድ 102 ጊዜ ነበር። መልሱ አንድ ቢሊዮን አካባቢ ቢሆን ደግሞ በዚህ ዘዴ 60 ገደማ ጥሪ ይበቃል። ሌላው ጥቅም፣ ወሰኑ ጠቦ ጠቦ መሃሉ ባዶ ሲሆን «የለም» ማለት ይቻላል። ስለዚህ የውጤቱን ታይፕ ሜይቢ (መልስ ወይም «የለም» የሚይዝ ታይፕ) አድርጉት።

ኮዱ ፈ በእርግጥ እያደገ የሚሄድ መሆኑን አያጣራም፤ አምኗችሁ ነው የሚሠራው። እናንተ ደግሞ ሳታውቁት ልትዋሹት ትችላላችሁ። ባለ 64 ቢት ቁጥር ከተጠቀማችሁ 2,097,152 ሲኮብ 2 በ63 ኃይል ይሆናል። ይህ ከሚያዘው ትልቁ ቁጥር በአንድ ይበልጣል፤ ስለዚህ ውጤቱ ዞሮ ነጌቲቭ ይሆናል። እያደገ ይሄድ የነበረው ፈንክሽን ድንገት ገደል ገባ። ሃስክል ላይ ወሰን ያለውን ኢንት ሳይሆን ወሰን የሌለውን ኢንቲጀር ብትሉ ይህ አያጋጥማችሁም።

በፍሎት (ነጥብ ባላቸው) ቁጥሮች ላይስ ይሠራል?

መሃል መሃሉን መቁረጥ ይሠራል፣ ፈ ቀጣይነት ያለውና እያደገ የሚሄድ ከሆነ። ዴሪቬቲቩን የምታውቁ ከሆነ የኒውተን ዘዴ ይፈጥናል። መልሱ ግን ግምት ነው። ፍሎት ላይ «እኩል ነው» ብሎ መፈተሽ ብዙም አያዋጣም፤ የስህተቱን ልክ አስቀድሞ መወሰን ይሻላል።

አንድ የሚገርም ነገር ላሳያችሁ። ፈ(ሀ) = ሀ + 1 ይገለበጣል፣ አይደል? በባለ 64 ቢት ፍሎት አይገለበጥም። 9,007,199,254,740,991 ላይ 1 ስትደምሩ 9,007,199,254,740,992 ይመጣል። በዚህኛው ላይ እንደገና 1 ስትደምሩ ያው 9,007,199,254,740,992 ይመጣል። ቀጣዩን ጎዶሎ ቁጥር የሚይዝበት ቢት የለውም። ሁለት ግብዓት፣ አንድ ውጤት።

ፈንክሽኔ ብዙ ግብዓቶችን ወደ አንድ ውጤት ይወስዳል። ምን ይሻለኛል?

አንድ መልስ መፈለጉን ትታችሁ ሁሉንም መልሶች በሊስት መልሱ። የካሬ ኢንቨርስ ለ9 [3፣ -3] ይሰጣል፣ ለ0 [0]፣ ለ-4 ባዶ ሊስት። ሊስቱ ሌዚ ከሆነ የፈለጋችሁትን ያህል ብቻ ታወጣላችሁ።

በዚህ መንገድ ሊስት ማያያዝን እንኳ መገልበጥ ይቻላል። የትኞቹ ሁለት ሊስቶች ተያይዘው [1፣2፣3] ሆኑ? አራት መልሶች አሉ፦

[] እና [1፣2፣3]
[1] እና [2፣3]
[1፣2] እና [3]
[1፣2፣3] እና []

ፕሮሎግ የሚባለውን የሎጂክ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ የነካ ሰው ይህን ያውቀዋል። እዚያ ሊስት የሚያያይዘውን ዝምድና አንዴ ብቻ ትጽፋላችሁ፤ ወደፊትም ወደኋላም ይሠራል። ኬሪ የሚባለው ቋንቋ ደግሞ ይህን ችሎታ ሃስክል ከሚመስል አጻጻፍ ጋር ያጣምራል። ሥራችሁ ባብዛኛው መገልበጥ ከሆነ ወደዚያ ሰፈር ጎራ ማለት ከሃስክል ጋር ከመታገል ይቀላል።

ትንንሽ ፈንክሽኖችን ገጣጥሜ የሠራሁትን ትልቅ ፈንክሽን እንዴት ልገልብጥ?

ጨርሶ ከገጠሙት በኋላ አይደለም የሚታሰበው፤ ከመጀመሪያው ጥንድ ይዛችሁ ተነሱ። አንድ የዳታ ታይፕ አውጡ፣ ሁለት ነገር ይያዝ፤ «ሂድ» እና «ተመለስ»። ሁለት ጥንዶች ሲገጣጠሙ ሂዶቹ በቅደም ተከተል ይያያዛሉ፣ ተመለሶቹ ደግሞ በተቃራኒው ቅደም ተከተል። መገልበጥ ማለት እንግዲህ የሁለቱን ቦታ መለዋወጥ ብቻ ሆነ። ምንም የሚፈለግ፣ ምንም የሚሰላ ነገር የለም።

ወደ ባይቱ ምሳሌ እንመለስ። 5ሀ + 3 ሁለት ደረጃ ነው፤ በ5 አባዛ፣ 3 ደምር። የሁለተኛው ተመለስ 3 መቀነስ ነው። የመጀመሪያውስ? በ256 ቀሪ ዓለም ውስጥ በ5 ማካፈል በ205 ማባዛት ነው፣ ምክንያቱም 5 × 205 = 1,025፣ ቀሪው 1። ስለዚህ ገ(ለ) = 205 × (ለ - 3)። በ10 እንሞክረው። ሂድ፦ 53። ተመለስ፦ 50 × 205 = 10,250፣ በ256 ሲካፈል ቀሪው 10። ያለ ሠንጠረዥ ተመለስን።

በሃስክል የሌንስ ላይብረሪዎች (የዳታ ክፍሎችን ለማየትና ለመቀየር የሚያገለግሉ) ውስጥ ይህ ጥንድ አይሶ ይባላል። ታይፑ ግን ሁለቱ ፈንክሽኖች በእርግጥ ተገላባጭ መሆናቸውን አያረጋግጥም፤ አንዱ 3 ደምሮ ሌላው 4 ቢቀንስ ኮምፓይለሩ ቅር አይለውም። ማረጋገጫ በሚጻፍበት ሊን የተባለ ቋንቋ ላይ ኢኩዊቭ የሚባለው ታይፕ አራት ነገር ይይዛል፤ ሁለቱን ፈንክሽኖችና በሁለቱም አቅጣጫ እንደሚገለበጡ የሚያሳዩ ሁለት ማረጋገጫዎች። ማረጋገጫው ካልተሟላ ኮዱ አያልፍም።

ሪከርሲቭ (ራሱን የሚጠራ) ፈንክሽንስ?

ሊስትን በፎልድ (አባላቱን አንድ በአንድ እያጣመረ) አጥፎ ወደ አንድ እሴት የሚቀይር ፈንክሽን ብዙ ጊዜ በአንፎልድ (ከአንድ እሴት ሊስት በሚዘረጋ ፈንክሽን) ይገለበጣል፣ እያንዳንዱ እርምጃ የሚገለበጥ ከሆነ።

የ0 እና 1 ሊስትን ወደ ቁጥር የሚቀይረውን እንይ። እስካሁን ያለውን በ2 አባዛ፣ አዲሱን ቢት ደምር። [1፣0፣1፣1] 11 ይሆናል። የአንዱ እርምጃ ግልብጥ በ2 አካፍሎ ድርሻና ቀሪ መውሰድ ነው። 11 ድርሻው 5፣ ቀሪው 1። 5 ድርሻው 2፣ ቀሪው 1። 2 ድርሻው 1፣ ቀሪው 0። 1 ድርሻው 0፣ ቀሪው 1። ድርሻው 0 ሲሆን አቁም። ቀሪዎቹን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ስታነቡ [1፣0፣1፣1]።

ግን «ድርሻው 0 ሲሆን አቁም» የሚለው ከየት መጣ? ከፎልዱ አልመጣም፤ እኛ ነን የጨመርነው። [0፣1፣0፣1፣1]ም 11 ነው፤ በፊት ለፊት ያለው 0 ምንም አይለውጥም። ስለዚህ ያገኘነው ኢንቨርስ በ0 ለማይጀምሩ ሊስቶች ብቻ ነው። የማቆሚያው ቅድመ ሁኔታ የትኞቹን ግብዓቶች እንደመረጣችሁ ይናገራል፤ የሪከርሲቭ ፈንክሽን ኢንቨርስ ሲበላሽ መጀመሪያ እዚያ ጋ እዩ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ወግ አለ። በአሎንዞ ቸርች ላምዳ ካልኩለስ (ቁጥርም ጭምር በፈንክሽን ብቻ የሚጻፍበት ሥርዓት) ቁጥር ላይ 1 መጨመር በጣም ቀላል ነው፤ 1 መቀነስ ግን ቸርችን ራሱን አስቸግሮት ነበር። መላውን ያገኘው ተማሪው ስቲቨን ክሊኒ ነው፤ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሳለ እንደመጣለት ይነገራል። ዘዴው ጥንድ ይዞ መቁጠር ነው፤ (0፣0)፣ (1፣0)፣ (2፣1)፣ (3፣2)። 3 ጋ ስትደርሱ ሁለተኛው ቦታ ላይ 2 ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። ወደኋላ ለመሄድ ወደፊት ቆጠረ፣ ግን የኋላውን በእጁ ይዞ።

ሁሉም ነገር ከመነሻው የሚገለበጥበት ቋንቋ አለ?

አለ። ጃነስ የሚባለውን ክሪስቶፈር ሉትዝ እና ሃዋርድ ደርቢ እ.ኤ.አ. በ1982 በካልቴክ ሠሩት። እዚያ «ሀ 0 ይሁን» ማለት አይፈቀድም፤ የቀድሞውን እሴት ያጠፋልና። መደመርና መቀነስ ይፈቀዳል። ኢፍ ስትጽፉ መግቢያው ላይ ብቻ ሳይሆን መውጫው ላይም ሁኔታ ታስቀምጣላችሁ፤ ወደኋላ ሲሄድ በየትኛው ቅርንጫፍ እንደመጣ የሚያውቀው በእሱ ነው። አንድን ፕሮሲጀር ከመጥራት ይልቅ «አንካል» ካላችሁት ወደኋላ ይሮጣል። ጃነስ ፈንክሽናል አይደለም፤ በዚሁ መንፈስ የተሠራ አርፈን የሚባል ፈንክሽናል ቋንቋ አለ።

ኢንቨርስ ካለ ሁልጊዜ በጊዜው ማስላት ይቻላል?

የለም። ሁለት ትልልቅ ፕራይም ቁጥሮችን ማባዛት ለኮምፒውተር ምንም አይደለም። ውጤቱን ወደ ሁለቱ ፕራይሞች መልሶ መበተኑ ሌላ ነገር ነው። አርኤስኤ-250 የተባለው ባለ 250 አሃዝ ቁጥር የተበተነው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው፣ ያውም በብዙ ኮምፒውተሮች ጉልበት። በሃስክል በሚያምር መንገድ መጻፍ ይህን አያቀለውም።

የማያልቅ ሆኖ ሙሉ በሙሉ የሚፈተሽ የግብዓት ስብስብ ሊኖር ይችላል?

የማይመስል ነገር ነው፣ ግን አለ። የማያልቁ የ0 እና 1 ሰንሰለቶችን ስብስብ አስቡ። ብዛታቸው ሊቆጠር እንኳ አይችልም። ሆኖም አንድ ፈንክሽን ሰንሰለቱን ተቀብሎ ሁልጊዜ እውነት ወይም ሐሰት የሚመልስ ከሆነ፣ መልስ ከመስጠቱ በፊት የተወሰኑ ቢቶችን ብቻ ነው ማየት የሚችለው። ለሁሉም ሰንሰለቶች የሚበቃ አንድ ወሰንም አለ። ኡልሪክ በርገር እ.ኤ.አ. በ1990 ይህን ተጠቅሞ ፍለጋው እንደሚያልቅ አሳየ፣ ማርቲን ኤስካርዶ ደግሞ በ2007 ፈጣን አድርጎ በሃስክል አቀረበው። ስለዚህ ውጤቱ ሙሉ ቁጥር የሆነ ፈ እና አንድ ለ ይዛችሁ «ለን የሚሰጥ ሰንሰለት አለ?» ብትሉ፣ «የለም» የሚለው መልስም በጊዜው ይመጣል። ከተፈጥሮ ቁጥሮች ጋር ይህ አይሆንም።

የጻፍኩት ኢንቨርስ ትክክል መሆኑን እንዴት ላረጋግጥ?

ማረጋገጫ የምትጽፉበት ቋንቋ ላይ ካልሆናችሁ በዘፈቀደ ግብዓቶች ፈትኑት። ኩዊክቼክ የሚባለው የመፈተኛ ላይብረሪ ለዚህ ተመራጭ ነው፤ ኩን ክላሰን እና ጆን ሂዩዝ እ.ኤ.አ. በ2000 ለሃስክል ያቀረቡት ነው። ሁለት ባህሪያት ጻፉ፣ ለእያንዳንዱ አቅጣጫ አንድ። ሁለተኛውን ስታስሮጡ «007» ዓይነቱ ነገር የሚገኘው ግን የግብዓት አመንጪው በዜሮ የሚጀምሩ ጽሑፎችን የሚያመነጭ ከሆነ ብቻ ነው። አመንጪያችሁ ቁጥር አመንጭቶ ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ከሆነ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ፈጽሞ አይመጣም። ፈተናው ሺህ ጊዜ ያልፋል፣ ስህተቱም እዚያው ይተኛል። ስለዚህ ጽሑፉን በቀጥታ ከአሃዞች ሊስት አመንጩት።